ስኮችቦንድ ዩኒቨርሳል በድሬዳዋ ሙቀት፦ ጠርሙሷ የምትችለውና የማትችለው

ሳቢያን ሰፈር በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ፣ በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥና 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ሁልጊዜ ትቀመጣለች። ስሟ ስኮችቦንድ ዩኒቨርሳል ሲሆን፣ ሥራዋም ሙሌትን፣ ክራውንን (ጥርስን እንደ ቆብ የሚሸፍነውን) እና ቬኒርን (በፊት ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ሽፋን) ከጥርስ ጋር ማጣበቅ ነው። አራተኛዋን ጠርሙስ ጨርሼ አምስተኛዋን ስለከፈትሁ፣ ስለ እርሷ ለመናገር የሚበቃ ልምድ ያገኘሁ ይመስለኛል። ዕቃውን በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት፤ ከአምራቹም ሆነ ከአስመጪ የተቀበልሁት ናሙና ወይም ቅናሽ የለም። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና ጠርሙሷ ጥሩ ናት፤ ነገር ግን «ዩኒቨርሳል» (ለሁሉ የሚሆን) የሚለው ስሟ ሐኪሙን ያዘናጋል። እኔንም አዘናግቶኝ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ በቦታው እጽፈዋለሁ።

ዕቃውን ቀድሞ ያመርት የነበረው ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የኩባንያው የጤና ዘርፍ ተለይቶ ሶልቬንተም በሚል ስም ራሱን ስለቻለ፣ ካርቶኑ ላይ ሌላ ስም ያየ ገዢ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የደረሰው መስሎት ሊደነግጥ አይገባውም። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሲንግል ቦንድ ዩኒቨርሳል በሚል ስም ይሸጣል። በውስጡ ካሉት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ውሃ፣ ኢታኖል፣ ሄማ የተባለው ውሃ ወዳድ ሬዚን (ሬዚን የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር ነው)፣ ሬዚንን ከሴራሚክ ጋር የሚያገናኘው ሲሌን እና 10-ኤምዲፒ ናቸው። ሰው ይህችን ጠርሙስ የሚፈልጋት ከሁሉ ይልቅ ለመጨረሻው ሲል ነው። 10-ኤምዲፒን እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራው ኩራሬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ሌሎች አምራቾችም በየጠርሙሳቸው ይጨምሩት ጀመር። ሞለኪዩሉ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ጫፉ ፎስፌት ስለሆነ የጥርሱን ካልሲየም ይይዝና በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ጨው ይፈጥራል፤ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከላይ ከሚመጣው ሬዚን ጋር ይተሳሰራል። እንግዲህ ማጣበቅ ማለት እዚህ ላይ እንደ ሙጫ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከጥርሱ ማዕድን ጋር በኬሚካል መያያዝም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ፈሳሹ የሚያርፍበት ገጽ አንድ ዓይነት አይደለም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነው ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 20 በመቶ ያህሉ አብዛኛው ኮላጅን የሆነ ሥጋማ ነገር፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ውሃ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደቃቅ ቱቦዎችም ከጥርሱ ነርቭ አቅጣጫ እየተነሡ ስለሚያልፉበት ፈጽሞ ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ የለም። በዚህ ላይ መቦርቦሪያችን የፈጨውን ዱቄት ከኮላጅኑና ከውሃው ጋር እያላቆጠ ገጹን ይለስነዋል። ይህ ልስን በዓይን አይታይም፤ ጥርሱን ታጥቦ የጸዳ ያስመስለዋል። ማጣበቂያውን በቀጥታ በልስኑ ላይ ብናፈስሰው ግን የሚጣበቀው ከጥርሱ ጋር ሳይሆን ከልስኑ ጋር ነው።

ባለፈው ዓመት የፊት ጥርሳቸው ጠርዝ የተሸረፈባቸው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሰማያዊውን ጄል ልቀባቸው ስል እጄን ይዘው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አሲድ መሆኑን ስነግራቸው ክው አሉ፤ ሙሌቱ እንዲይዝ ገጹን የሚያሻክር መሆኑን ሳስረዳቸው ግን፣ «እንግዲያው ገባኝ ልጄ፤ እኛም ፉርጎ ስንቀባ ብረቱን ሳንፍቅና ሳናጥብ ቀለም አናስነካውም ነበር፤ ሳይፈቀፈቅ የተቀባ ብረት ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ይላጣል» አሉኝ። ጋሼ ሳያውቁት የሙያችንን ታሪክ ነበር የተናገሩት። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ነክሮ ሬዚን የተሻለ እንደሚይዝ ሲያሳይ፣ መነሻ ያደረገው በኢንዱስትሪ ቀለም ብረትን እንዲይዝ በፎስፎሪክ አሲድ የማከሙን ልማድ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ጄል 37 በመቶ ገደማ ነው። በዴንቲን ላይ ግን ነገሩ እንዲህ በቶሎ አልቀናም፤ ሬዚኑ በተገላለጠው ኮላጅን መካከል ሰርጎ አብሮ የሚጠነክርበትን ድብልቅ ንብርብር ጃፓናዊው ናካባያሺ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

ወደ ጠርሙሷ ልመለስ። አምራቹ አሲድ ሳይቀቡ፣ ኢናሜሉን ብቻ ቀብተው፣ ወይም ኢናሜሉንም ዴንቲኑንም ቀብተው መጠቀም እንደሚቻል ይገልጻል፤ ሁሉንም መንገዶች ሞክሬአቸዋለሁ። የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2.7 አካባቢ ነው፤ ይህ ማለት ራሱ ለስላሳ አሲድ ነው፤ በዴንቲኑ ላይ ያለውን ልስን ዘልቆ ያልፋል፣ በኮላጅኑ ዙሪያ ያለውን ካልሲየም ግን ጨርሶ አይጠርግም፤ የተረፈውን ካልሲየም ደግሞ 10-ኤምዲፒው ይይዘዋል። ስለዚህ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ዴንቲኑን በጄሉ አለመንካት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ዴንቲኑን አሲድ መቀባት ካቆምሁ ወዲህ፣ ሙሌት አስገብተው በማግስቱ «ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካኝ ይነዝረኛል» እያሉ የሚመለሱ ታካሚዎቼ ቀንሰዋል። ለኢናሜል ግን 2.7 ፒኤች ደካማ ነው። ፒኤቹ ከ1 በታች የሆነው ጄል ኢናሜሉን እንደ ኖራ አፍዝዞ ሲተወው፣ ፈሳሹ ብቻውን ሲነካው ገጹ እንደበፊቱ ያብለጨልጫል። ሳይበላ ያብለጨለጨ የኢናሜል ጠርዝ ከጊዜ በኋላ ቡናማ መሥመር ያወጣል፤ ሻይና ቡና በማይለይበት ከተማ መሥመሩ ቶሎ ይታያል። አሁን የምሠራበት መንገድ ይህ ነው፤ ኢናሜሉን ብቻ ለ15 ሰከንድ በጄል፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ፈሳሹን በኢናሜሉም በዴንቲኑም ላይ መቀባት።

መመሪያው ፈሳሹን ለ20 ሰከንድ እያሹ መቀባት፣ ለ5 ሰከንድ ያህል በዝግታ አየር መንፋት፣ ለ10 ሰከንድ በመብራት ማጠንከር ይላል። ከእነዚህ ሦስቱ በተግባር ሲበላሽ የማየው ሁለተኛው ነው። 20 ሰከንድ በአፍ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚመስል ብዙዎቻችን 8 ወይም 10 ላይ እናቆማለን፤ እኔ ለረዳቴ ጮክ ብላ እንድትቆጥር ከነገርኋት ወዲህ ግን ይህ ተስተካክሏል። የአየሩ ነገር ግን በቁጥር አይያዝም። ኢታኖሉና ውሃው ሬዚኑን ወደ ጥርሱ ያደረሱ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ካደረሱ በኋላ መውጣት አለባቸው። በኃይል ከተነፋ ፈሳሹ ሸሽቶ አንዱ ጥግ ላይ ይጠራቀማል፣ ሌላው ጥግ ባዶውን ይቀራል፤ በጣም ለስልሶ ከተነፋ ደግሞ ውሃው በውስጡ ታስሮ ይቀርና የጠነከረው ንብርብር ሰፍነግ ይሆናል። የማየው ምልክት አንድ ነው፤ አየሩ ሲነፋበት በገጹ ላይ የሚርመሰመስ ሞገድ እስኪጠፋና ጥርሱ ወጥ የሆነ ወዝ እስኪያሳይ ድረስ እነፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከ5 ሰከንድ ይበልጣል።

ከመቀባቱ በፊት ዴንቲኑ ምን ያህል ይድረቅ የሚለው ጥያቄ ለሙያው ሰዎች የዘለዓለም ክርክር ነው፤ ጠርሙሷ በብዙ የምትመሰገነውም እዚህ ላይ ነው። አሲድ የነካው ዴንቲን ከልክ በላይ ሲደርቅ ኮላጅኑ እንደ ረጠበ ፀጉር ተጣብቆ ይተኛል፣ ሬዚኑም መግቢያ ያጣል። የቀድሞዎቹ ማጣበቂያዎች በተለይም አሴቶን የተጠቀሙት ይህን ስሕተት አይምሩም ነበር። ስኮችቦንድ ዩኒቨርሳል የራሱን ውሃ ይዞ ስለሚመጣ የተኛውን ኮላጅን መልሶ ሊያነሣው ይችላል። ይህ ለሐኪሙ ትንሽ መተንፈሻ ይሰጠዋል። ሆኖም መተንፈሻው ለድርቀቱ እንጂ ለምራቅ፣ ለደምና ለዘይት አይደለም።

ስለ ሙቀቱ መናገር ያለብኝ እዚህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ቆላ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ዕቃው የሚቀመጥበት ሙቀት ደግሞ ከ2 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ማለት፣ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ከተፈቀደለት በላይ ይሞቃል። ኢታኖል በ78 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ቢሆንም ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም፤ ክዳኑ ተከፍቶ በሞቃት ክፍል ውስጥ የቆየ ጠርሙስ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየወፈረ ይሄዳል፣ የወፈረ ፈሳሽም በጥርሱ ቱቦዎች አይሰርግም። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ለሰዓታት ሲቆም፣ ጠርሙሷን ከክትባት ማጓጓዣ ጋር በሚመሳሰል ትንሽ የበረዶ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው እንዳወጣኋት ወዲያው እጠቀምባት ነበር፤ ይህም ስሕተት ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወፍራም ይሆናል፣ ኢታኖሉም ከጥርሱ ላይ ሳይወጣ ይዘገያል፣ ሙቅና እርጥብ አየር ያገኘችው ቀዝቃዛ ጠርሙስም ላቧ ወደ አፏ ይወርዳል። አሁን በጠዋት ከወንበሩ ዝግጅት ጋር አብራ ትወጣለች፤ ጠብታው ወደ ማስቀመጫው የሚወርደው ታካሚው አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱ ታጥቦ፣ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ክዳኑም ወዲያው ይዘጋል። ሐረር ጁገል አቅራቢያ የምትሠራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ትስቅብኛለች፤ እርሷ ያለችበት ከፍታ 1,800 ሜትር ያልፋል፣ ጠርሙሷም መሳቢያ ውስጥ ናት። ለእርሷ ትክክል የሆነው ለእኔ ስሕተት ነው።

ጄሉም ሙቀቱን ይቀምሳል። ጄሉ የሚወፍረው አብዛኛውን ጊዜ በሲሊካ ሲሆን፣ ጥሩው ዓይነት መርፌው ጫፍ ሲገፋ ይፈስሳል፣ ካረፈ በኋላ ይቆማል። ኢናሜሉን ብቻ መርጦ መቀባት የሚቻለው ጄሉ ሲቆም ብቻ ነው። ዋጋው ርካሽ የነበረ አንድ ጄል ገዝቼ በሰኔ ስጠቀምበት ከኢናሜሉ ጠርዝ ተንሸራትቶ ወደ ጉድጓዱ ታች ወረደ፤ ምርጫውን ለእኔ ሳይሆን ለስበት ተወው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጄል ስገዛ ጠብታውን በቁም በያዝሁት መስተዋት ላይ አሳርፌ አንድ ደቂቃ ሳልጠብቅ ሰው አፍ ውስጥ አላስገባም።

ከሙቀቱ የሚብሰው የጥርሶቹ ዓይነት ነው። ከመተሐራና ከአዋሽ አካባቢ ተነሥተው በአስፋልት ወደ እኛ የሚመጡ ታካሚዎች አሉ፤ በልጅነታቸው በስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ስላደጉ ጥርሳቸው የበለዘ ነው። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሠርግ በፊት ወይም ሥራ ከመቀጠር በፊት ቡናማውን ኮምፖዚት በሚባለው የጥርስ ቀለም ባለው የሬዚን ሙሌት መሸፈን። የበለዘ ኢናሜል ውጫዊ ገጹ አሲድን የሚቋቋም፣ ከሥሩ ግን ክፍተት የበዛበት ነው። 15 ሰከንድ በጄል ቀብቼ ካጠብሁት በኋላ፣ እንደ ኖራ ሊፈዝዝ የሚገባው ገጽ እዚህም እዚያም አብለጭልጮ አየዋለሁ። ጠርሙሷ ብቻዋን ስትሆን ጭራሽ አትደፍረውም። በእንዲህ ያለው ጥርስ ላይ የላይኛውን ገጽ በደቃቅ አልማዝ መቦርቦሪያ በስሱ እገፋለሁ፣ ጄሉን እስከ 60 ሰከንድ አቆያለሁ፣ ካጠብሁና ካደረቅሁ በኋላም ያልፈዘዘ ቦታ ካየሁ እደግማለሁ። በመመሪያው ላይ ያለው 15 ሰከንድ ለደኅናው ኢናሜል የተጻፈ ነው፤ መተሐራ ያደገ ጥርስ መመሪያውን አያውቀውም።

ሌላው የእኛ ከተማ ጉዳይ ጫት ነው። ስለ ጫት መልካምነት ወይም ክፋት ለመከራከር አይደለም፤ ወንበሬ ላይ ስለሚቀርበው ገጽ ብቻ ነው የምናገረው። የቆየ ቃሚ ጥርስ አንገቱ ላይ ይበላል፣ ከምርቃናው ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በአንገቱ ላይ ለዓመታት ተገልጦ የኖረ ዴንቲን ቱቦዎቹ በማዕድን ተደፍነው እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል፤ ሐኪሙ መቦርቦር ስለማያስፈልግ ደስ ብሎት ቀጥታ ሲቀባው፣ ሙሌቱ ከወራት በኋላ በአንድ ቁራጭ ይወድቃል። መቦርቦሪያውን በዝግታ እያስኬዱ ያንን ብርጭቆ ገጽ ማሻከር አለ፤ ከዚያም በፊት በጥርሱ ላይ ያለውን ቅባትና አረንጓዴ እድፍ ማስለቀቅ። ለማስለቀቂያ የምጠቀመው ፑሚስ በውሃ የተለወሰ እንጂ ከገበያ የሚገዛ የጥርስ ማለስለሻ ፓስታ አይደለም፤ ማለስለሻው ግሊሰሪንና ፍሎራይድ ስላለው ገጹን አጽድቶ ሌላ ሽፋን ያለብሰዋል። ፑሚስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ዳር ለብሎኬት ማምረቻ ይቆፈራል፣ ለጥርስ የሚሆነው ዱቄት ግን በየዕቃ መሸጫው ተመዝኖ ይገዛል።

ቅርንፉድን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ጥርስ ሲያም ሌሊቱን ቅርንፉድ ነክሶ ማደር በእኛ ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ሕመሙንም በእርግጥ ያስታግሳል። የሚያስታግሰው ዘይቱ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ሲሆን፣ ይኸው ዩጂኖል የጊዜያዊ ሲሚንቶዎች አካልም ነው። ዩጂኖል ሬዚን የሚጠነክርበትን የኬሚካል ሰንሰለት ይበጥሳል። ስለዚህ ታካሚዬን «ቅርንፉድ አድርገሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በአፍንጫዬ ግን ብዙውን ጊዜ ከመልሱ በፊት አውቀዋለሁ። በገጹ ላይ ያለው ሁሉ በፑሚስ ተፈቅፍቆ፣ የተነካው ዴንቲን በስሱ ተገፍፎ ካልወጣ በቀር ጠርሙሷን አልከፍትም። ሥሩ የታከመ ጥርስ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ፤ ሥሩን ለማጠብ የተጠቀምንበት በረኪና ኦክስጅን ትቶ ስለሚሄድ ማጠንከሩን ያዳክመዋል፤ በቫይታሚን ሲ ማጠብ ይህን እንደሚመልስ በሙያው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ። ጠርሙሷ በካርቶኑ ላይ ከጥርስ በተጨማሪ ከዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ)፣ ከሸክላ ሴራሚክና ከብረት ጋር ታጣብቃለች የሚል ስላለ፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የዚርኮኒያ ክራውን ሳስተካክል የጥርሱን ገጽ እንደማዘጋጀው አድርጌ የክራውኑንም ውስጥ በሰማያዊው ጄል አጸዳሁት። ልማድ እጄን መራኝ። ዚርኮኒያ አሲድ አይበላውም፤ ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነበር። ነገር ግን የጄሉ ፎስፌት 10-ኤምዲፒው ሊይዘው የነበረውን ቦታ ቀድሞ ያዘው። ክራውኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ታካሚዋ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። «ዶክተር፣ እንጀራ ስበላ ወጣ» አሉኝ፤ እንጀራ! ገንዘባቸውን ልመልስላቸው ብል እምቢ ብለው ሥራዬን እንደገና እንድሠራ ብቻ ለመኑኝ። በሁለተኛው ዙር ውስጡን በ50 ማይክሮን የአልሙና ብናኝ በዝቅተኛ ግፊት ነፋሁት (ሳንድብላስት የምንለው ይህን ነው)፣ ከአፍ ወጥቶ ምራቅ እንዳይነካው አድርጌ ፈሳሹን ቀባሁት። ምራቅም ፎስፌት ስላለው ክራውኑን በአፍ ውስጥ ከለኩት በኋላ እንደገና ሳያጸዱ ማጣበቅ ያንኑ ስሕተት መድገም ነው። ያ ክራውን እስካሁን በቦታው አለ። ጥፋቱ የጠርሙሷ አልነበረም፤ ስሟ ግን ለጥፋቴ መንገድ ከፍቶልኛል።

የሴራሚኩ ነገር ደግሞ በሌላ መልኩ ያሳስተናል። ብርጭቆ አዘል ሴራሚክ፣ ለምሳሌ ሊቲየም ዲሲሊኬት፣ በ5 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ ይነከራል፣ ከዚያም ሲሌን ይቀባል። በጠርሙሷ ውስጥ ሲሌን አለ ቢባልም፣ ሲሌን ውሃና አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጉልበቱን ይዞ መቆየት የሚከብደው ኬሚካል ነው። በዚህ ምክንያት ለቬኒር ሁልጊዜ ለብቻው የተዘጋጀ ሲሌን እጠቀማለሁ፤ ሁለተኛ ጠርሙስ እንዳልገዛ የተገባልኝ ተስፋ በዚህ ፈረሰ። ደግሞም በራሱ ጊዜ በሚጠነክር ሲሚንቶ ሲሠሩ፣ የፈሳሹ አሲድነት አንዳንዱን ሲሚንቶ እንዳይጠነክር ስለሚያግደው፣ ከእርሱ ጋር የሚስማማውን ሲሚንቶ ወይም ተጨማሪ ማነቃቂያ መግዛት ግድ ይሆናል። በ«አንድ ጠርሙስ» የተጀመረው ነገር እንዲህ እያለ አራት ይሆናል።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በመብራት ብቻ የሚጠነክረውን ኮምፖዚት በብዛት ለሚሠራ ክሊኒክ ግን ዋጋውን ያወጣል። አንዲት ጠብታ ለአንድ ጥርስ በቂ ናት፤ ኢናሜልና ዴንቲንን በአንድ ፈሳሽ መጨረስም ከሁለት ጠርሙስ ጋር ከመታገል ያሳርፋል። ቬኒርና ክራውን በብዛት ለሚሠራ ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ ከዚህች ጋር ሳንድብላስት ማድረጊያውንና ለብቻው የሚሸጠውን ሲሌን አብሮ ይግዛ፤ አለዚያ ለማያገኘው ነገር ይከፍላል። ራበር ዳም (የሚሠራውን ጥርስ ከምራቅ የሚለይ የጎማ ሽፋን) የማይጠቀም ሰው ደግሞ ውድ ማጣበቂያ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ትንፋሽና ምራቅ ያረጠቡት ጥርስ በጥጥ ጥቅል ብቻ አይጠበቅም፤ በተለይ የታችኛው መንጋጋ። አንዳንድ ታካሚዎች ራበር ዳሙን ሲያዩ ይፈራሉ፤ ያስለመዷቸው ሐኪሞች ስላልነበሩ ነው እንጂ፣ አንድ ጊዜ የለመደ ሰው ውሃውና መድኃኒቱ ጉሮሮው ውስጥ ስለማይገባ ራሱ ይጠይቃል።

ሦስተኛዋን ጠርሙስ ስጠቀም የነበሩትን ወራት አልረሳም። ሙሌቶቼ ይረግፉ ጀመር፤ ያለምክንያት የረገፉ መስሎኝ ነበር። ጄሉን ቀየርሁ፣ የመብራቱን ኃይል አስለካሁ፣ ጠርሙሷን ጠረጠርሁ። በመጨረሻ ረዳቴ የአየር መርጫውን በነጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ደቂቃ ነፋችና ወረቀቱን አሳየችኝ፤ በመካከሉ ቢጫ የዘይት ነጥቦች ነበሩበት። ኮምፕሬሰሩ ዘይት ይተፋ ነበር፤ ያጠብሁትን፣ በአሲድ ያሻከርሁትን፣ 20 ሰከንድ ሙሉ ያሸሁትን ጥርስ በመጨረሻው 5 ሰከንድ ዘይት እረጭበት ነበር። በሙቀቱ ምክንያት ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም እንዲሁ አብሮ ይመጣል። አሁን ታንኩ በየማታው ይደፋል፣ ወረቀቱ በየሰኞ ጠዋት ይነፋል፤ አምስተኛዋን ጠርሙስ ከመግዛቴ በፊት የገዛሁትም የኮምፕሬሰሩን ማጣሪያ ነው።